ገንፎ አትብላ ያልኩት ሰው

ጡረታ ልወጣ አንድ ወር ሲቀረኝ፣ ጋምቤላ ከተማ በምሠራበት ክሊኒክ ግቢ ውስጥ ስለ ስኳር በሽታ ትምህርት እንሰጥ ነበር። አብራኝ የነበረችው ነርስ ምሕረት ትባላለች። የመጣው ሰው ጣቱን መወጋት ስለ ፈራ፣ ከእኛ አንዱ ቀድሞ ይወጋና ሰዉ ይየው ተባለ። እኔ ሳቅ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ጣት ስወጋ ኖሬ የራሴን አንድም ቀን አልወጋሁም ነበር።

ምሕረት ጠብታዋን ደም ወሰደች፣ መለኪያውን አየችና ወደ ደረቷ አዞረችው። ያን አኳኋን አውቀዋለሁ፤ እኔም ለስንቱ ሰው እንዲያ አድርጌያለሁ። አሳዪኝ አልኳት። ሦስት መቶ አርባ ሁለት ይላል፤ የጤነኛ ሰው ሁለት መቶ አይደርስም። በሌላ ጣት ድገሚው አልኳት። ደገመችው፤ ከዚያው አልራቀም። ፊት ለፊቴ አርባ የሚሆን ሰው ተቀምጦ ውጤቱን ይጠብቃል። አንዲት ሴትዮ ከኋላ "ስንት ሆነ ዶክተር?" ብላ ጠየቀች። እዚህ አገር ነጭ ጋውን የለበሰ ወንድ ሁሉ ዶክተር ነው። ደህና ነው ብዬ መለስኩላትና ትምህርቱን ቀጠልኩ። ምን እንዳስተማርኩ ግን ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ምሕረት በሩን ዘጋችና እንደ ማንኛውም በሽተኛ አስቀምጣ ጠየቀችኝ።

"ጋሽ ሰይድ፣ ትናንት ምን በሉ?"

"ሽሮ፤ ትንሽ" አልኳት።

ውሸት ነበር። ጠዋት ሁለት ጣፋጭ ዳቦ ስኳር በጠገበ ሻይ፣ ምሳ ጥብስ በሁለት እንጀራ፣ አሥር ሰዓት ላይ ለስላሳ፣ ማታ ደግሞ ፓስታ በልቼ ነበር። ውሸቱ ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። ከቁጥሩ ይልቅ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። እኔ እንዲህ በቀላሉ ከዋሸሁ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ፊቴ ተቀምጠው "ትንሽ ነው የበላሁት" ያሉኝ ሰዎች ምን ደብቀውኝ ይሆን? ምን ፈርተው ይሆን? ያኔ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ስለ እሱ ከመናገሬ በፊት ግን ከመጀመሪያው ልነሣ።

ወደ ጋምቤላ የመጣሁት ከወሎ በሰፈራ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ድርቁ ሁለት ታናናሾቼን ወስዶብናል። በአቦቦ በኩል ባረፍንበት መንደር አባቴ በመጀመሪያው መኸር በቆሎውን ሲያይ፣ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ማንም ሳይጠግብ አይነሣም ብሎ ማለ። መሐላውን እኔም ወርሼዋለሁ። ለእኔ የወፈረ ሰው ማለት የዳነ ሰው ነበር። ሆዴ ከቀበቶዬ በላይ ሲወጣ ባለቤቴ ዘሃራ ሱሪዬን እየፈታች ስታሰፋልኝ፣ በውስጤ የሚሰማኝ ሐፍረት ሳይሆን ደስታ ነበር። ይህን ለበሽተኞቼ ተናግሬው አላውቅም።

በጤና ረዳትነት ሠልጥኜ መጀመሪያ የተመደብኩት መቲ ነው። ደጋ ነው፤ ቡና ነው፤ ሰዉ ከቤቱ እስከ ማሳው አቀበት ወጥቶ ቁልቁለት ይወርዳል። እዚያ በሠራሁባቸው ዓመታት ወባና ቁስል እንጂ የስኳር በሽታ አይቼ አላውቅም። ቀጥሎ ወደ ኢታንግ ተዛወርኩ። የበረሃ አበሉ ለሲጋራ እንኳ አይበቃም እያልን እንቀልድ ነበር፤ ነገር ግን እውነተኛው ትምህርት ቤቴ ኢታንግ ሆነ። ምክንያቱም ሲስተር ኛኪም እዚያ ነበረች።

ሲስተር ኛኪም የኑዌር ሴት ናት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግሯ ዝግ ያለ። አለቃዬ ነበረች። ፀሐይ ሳይበረታ ከቤቷ እስከ ጤና ጣቢያው የወንዙን ዳር ይዛ በእግሯ ትመጣለች። መኪና ቆሞ ልውሰድሽ ሲላት፣ እግሬ ካልሠራ ጭንቅላቴ አይሠራም ብላ ትመልሰዋለች። ሰኞ ጠዋት ከማንም በፊት ገብታ ሚዛኑን ትፈትሻለች። አምስት ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ታስቀምጥበትና መርፌው ትክክል እስኪቆም ድረስ ታስተካክለዋለች። ሚዛን የሚዋሽ ከሆነ ከዚያ በኋላ የምንናገረው ሁሉ ውሸት ነው ትል ነበር።

በሽተኛ ስትመክር ደግሞ እንዲህ ነበር የምታደርገው። ጠረጴዛዋን ትታ ከበሽተኛው ጎን አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። ይህን ብላ፣ ያን አትብላ ብላ አትጀምርም። የትናንቱን ቀን ከንጋት ጀምሮ እንዲተርክላት ትጠይቃለች። ስትነቃ ማን እሳት አነደደ? ድስቱ ውስጥ ምን ነበረ? ማን ቀድሞ በላ? ሰውዬው ስለ ልጁና ስለ ላሙ ማውራት ከጀመረ አታቋርጠውም። በሚቀጥለው ጊዜ የሚበላበትን ሳሕን ይዞ እንዲመጣ ታዝዘዋለች። ሳሕኑ ላይ በጣቷ መስመር ታሰምራለች፦ እስከዚህ ገንፎ፣ እስከዚህ ባሚያና ቅጠል፣ እዚህ ደግሞ ዓሣ። በመጨረሻም ለማንም የማትዘልላት አንዲት ጥያቄ ነበረቻት። "አሁን ቤት ስትገባ ለሚስትህ ምን ብለህ ትነግራታለህ?" ትለዋለች። ሰውዬው የሰማውን በራሱ አፍ ይደግማል። ከሁለት አንዱ እኛ ያላልነውን ነገር ይናገራል። ያኔ እንደገና ትጀምራለች።

ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል። እኔ ወጣት ነበርኩና ይህ ሁሉ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ይህንኑ ነገርኳት። አልተቆጣችም። "ሰይድ፣ አንተ በአማርኛ ትናገራለህ፤ እነሱ በአኙዋክኛና በኑዌርኛ ይሰማሉ። መንገድ ላይ ምን እንደሚጠፋ አታውቅም" አለችኝ። ቋንቋውን ተማር ብላም ነበር። ከሰላምታና ከ"የት ያምሃል" አልዘለልኩም።

ከዓመታት በኋላ ኩሌ የስደተኞች ጣቢያ ሲከፈት እዚያ ሠራሁ። ቀኑን ሙሉ የሕፃናት ክንድ ስለካ፣ በክንድ መለኪያው ክር ቀዩ የረሃብ መስመር ላይ የወደቀውን በፓኬት የሚመጣ የኦቾሎኒ ቅቤ ሳበላ እውል ነበር። ያንን ክንድ ስይዝ የወንድሞቼን ክንድ የያዝኩ ይመስለኝ ነበርና ወደ ቤቴ ስመለስ በሁለት እጄ እበላ ነበር።

ከኩሌ ስወጣ በባሮ ዳር ወዳለች አንዲት መንደር ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። የመንደሯን ስም አልጽፍም። ኃላፊያችን ቁጥር የሚወድ ሰው ነበር፤ በቀን ስንት ሰው ታየ፣ ሪፖርቱ ደረሰ ወይ ነው ነገሩ። እዚያ ነው የዘመኑን መለወጥ በዓይኔ ያየሁት። ድሮ በእግሩ ገበያ የሚሄደው ሰው ባጃጅ ይጠብቃል፤ ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር ይጠጣል፤ ለእንግዳ ክብር ለስላሳ ነው። አጥንታቸው ወጥቶ የማውቃቸው ሰዎች በስኳርና በደም ግፊት እየመጡ ስማቸውን መዝገብ ላይ ስጽፍ እጄ ያመነታ ነበር። እነዚህን ሰዎች ብሉ ስል ኖሬ አሁን አትብሉ ልላቸው ነው?

ኦቻላ የመጣው በዚያ ጊዜ ነው። አኙዋክ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ቢሆነው ነው። በታንኳ ሰው ከወዲህ ማዶ ወዲያ ማዶ የሚያሻግር፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነበር። ውሃ ይጠማኛል፣ ሌሊት ለሽንት እመላለሳለሁ፣ ሱሪዬም ሰፋኝ አለኝ። ለካሁት፤ ስኳር ነው። የሚቀጥለው ቀን ሪፖርት የምናስገባበት ስለ ነበር ደጁ ላይ ሰው ተሰልፏል። እኔ ከጠረጴዛዬ አልተነሣሁም። የገበያ አማርኛ ያውቃል፤ በዚያው ነገርኩት።

"ስኳር አትብላ። ማንጎ አትብላ። በቆሎ አትብላ። ገንፎ አትብላ። ኪኒኑን ጠዋትና ማታ ዋጥ።"

በእያንዳንዱ ቃል አንገቱን እሺ ብሎ ነቀነቀ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ዓሣስ?"

"ዓሣ ብላ" አልኩት። አመሰገነኝና ወጣ። ከሦስት ደቂቃ አልበለጠም።

ክረምት ነበር። ባሮ ሞልቶ ደፍርሷል፤ ዓሣ የሚያጠምድ የለም። እሱ ቤት ደግሞ በክረምት ያለው የበቆሎ ገንፎ ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃኝ ነበር። የሰጠሁት ኪኒን የሰውን ስኳር የሚያወርድ ነው፤ ያልበላ ሰው ከወሰደው እስከ ሞት ያወርደዋል። ይህንን ማንም ነርስ ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ በቃሬዛ አመጡት። ሸሚዙ በላብ ርሷል፤ ገላው በረዶ ነው፤ ዓይኑ ተከፍቷል ግን አያይም። ጎሕ ሲቀድ ነበር ራሱን የሳተው፤ ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነውና በደራሽ ውሃ ታንኳውን የሚያሻግር ሰው ፍለጋ ሦስት ሰዓት ፈጀባቸው። በዚያ ሞገድ መቅዘፍ የሚችለው ሰው ራሱ ኦቻላ ነበር። ለካሁት። መለኪያው ቁጥር አላወጣም፤ ዝቅተኛ የሚል ቃል ብቻ አሳየኝ። ደም ሥር ፈልጌ ግሉኮስ ሰጠሁት፤ ደገምኩት። አልነቃም። ከቀትር በፊት አረፈ።

ሚስቱ አሪየት ራስጌው ተቀምጣ ነበር። ምን በልቶ ነበር ብዬ ጠየቅኳት።

"ምንም" አለች። "ዓሣ የለም። ምንም አልበላም።"

ያን ጊዜ የሆነውን ሁሉ ተረዳሁ። ለእሷ ግን በሽታው ጸንቶበት ነው አልኳት። መዝገቡ ላይ በምክንያት ቦታ "የስኳር በሽታ" ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊያችን ፈረመበት፤ ማንም አልጠየቀኝም። ሲስተር ኛኪም ከዚያ በፊት ዐርፋ ነበር፤ ይህን አለማየቷን እንደ ዕድል ቆጠርኩት። እንዲህ ማሰቤ ራሱ ዛሬ ያሳፍረኛል። ከዚያ በኋላ ከማንኛውም በሽተኛ ጎን አግዳሚው ላይ መቀመጥ ጀመርኩ፣ ትናንትን መጠየቅ ጀመርኩ፤ ሰዎች ጎበዝ መካሪ ይሉኝ ነበር። ከየት እንደ ተማርኩት ግን አልተናገርኩም። ወደ ከተማ ስዛወርም ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት።

ለምሕረት በዋሸሁ ምሽት ነገሩን ሁሉ ለዘሃራ ነገርኳት፤ የራሴን ስኳርም የኦቻላንም። ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረን ይህን ሰምታ አታውቅም። ስለ መጀመሪያው እኔ አለሁ፣ ስለ ሁለተኛው ግን መሄድ ያለብህ አንተ ነህ አለችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ይዛኝ ወጣች። ከቤታችን እስከ ባሮ ድልድይ ለጤነኛ ሰው ሩብ ሰዓት ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ቆሜ አረፍኩ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ የሱቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ስተነፍስ፣ የድሮ በሽተኛዬ አልፎኝ እየሄደ "በርታ ዶክተር፣ አንተ ነህ ተራመድ ያልከኝ" አለኝ። ላብ የሆነው እንባ የሆነው ፊቴ ላይ ሳይለይ ተነሣሁ። ዳቦው ቀረ። ሻይ ያለ ስኳር መጀመሪያ መድኃኒት መድኃኒት አለኝ፤ በሦስተኛው ሳምንት ሻይ ሻይ አለኝ። ከሁሉ የከበደኝ ሳሕኔ ላይ ባዶ ቦታ ማየት ነበር። አንድ ማታ ገና ሳልጠግብ እጄን ስታጠብ የአባቴ መሐላ ትዝ ብሎኝ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ዘሃራ ውሃውን ማፍሰሷን ቀጠለች። ድልድዩ ጋ ሳልቆም የደረስኩት በሁለተኛው ወር ነው። ጡረታ ወጥቼ ነበር። ከዚህ በላይ ሰበብ አልነበረኝም።

መኪና ተሳፍሬ ወደዚያች መንደር ሄድኩ፤ ወንዙንም ተሻገርኩ። ከኦቻላ ሞት ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። አሪየት ደጇ ላይ ተቀምጣ ባሚያ ስትቆርጥ አገኘኋት። ከስታለች። ራሷን በጨርቅ አጥብቃ አስራለች። አወቀችኝ፤ ግን ስታየኝ የተነሣችው እንግዳ እንደምትቀበል ሴት ሳይሆን ልትሸሽ እንዳለች ሴት ነበር። ልጇ ወንበር አወጣችልኝ። በመንገድ ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። ኦቻላን በሽታው አልገደለውም አልኳት። ገና ንግግሬን ሳልጨርስ አቋረጠችኝ።

"አውቃለሁ። እኔ ነኝ የገደልኩት" አለች።

ምን እንደምትል አልገባኝም። ቢላዋውን አስቀመጠችና መሬት መሬቱን እያየች ነገረችኝ። በአራተኛው ቀን ማታ ባሏ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይታ አሳዘናት። እሱ ዶክተሩ ከልክሎኛል ብሎ እምቢ ሲል ለምና ሁለት ጉርሻ ገንፎ አጎረሰችው። በነጋታው ሞተ። እኔ ምን በላ ብዬ ስጠይቃት ፈርታ ምንም አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የከለከልኩትን ገንፎ አብልታ ባሏን እንደ ገደለች እያሰበች ኖራለች። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ገንፎ አልቀመሰችም። ጤና ጣቢያም አልረገጠችም፤ እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ያውቁብኛል ብላ። ራሷን እንደዚያ አስራ ያየኋት፣ ዓመት ሙሉ የሚፈልጣት ራስ ምታት ስለ ነበረባት ነው።

እኔ ለራሴ ብዬ የዋጥኩት አንድ ቃል እዚህ ግቢ ውስጥ ምን ሲሠራ እንደ ኖረ ያየሁት ያኔ ነው። ከወንበሩ ወርጄ ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ስሚኝ አልኳት፤ ያ ሁለት ጉርሻ ገንፎ ሊያድነው ይችል የነበረ ነገር ነው። የገደለው አለመብላቱና እኔ የሰጠሁት ኪኒን ነው። ዘርዝሬ ሳልጠይቀው፣ ቤቱ ምን እንዳለ ሳላውቅ አትብላ ያልኩት እኔ ነኝ። መዝገቡ ላይ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። አማርኛዬ አልደረሳት እንደ ሆነ ብዬ ፈራሁና ልጇን በአኙዋክኛ እንድትደግምላት ጠየቅኳት። ልጅቷ ግማሹ ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ። ቢሆንም ጨረሰችው።

አሪየት አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም። ተነሥታ ወደ ወንዙ ሄደች። ልጅቷ አሁን ሂድ አለችኝ። ሄድኩ።

ከአሥር ቀን በኋላ ልጅቷ በተውኩላት ቁጥር ስልክ ደወለችልኝ፤ እናቴ ና ትልሃለች አለችኝ። በሄድኩ ጊዜ አሪየት ነጠላዋን ለብሳ፣ ለመንገድ ተዘጋጅታ ቆማ ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፤ እስከ ዛሬም አላለችኝም። ገንፎ መብላት እንደ ጀመረች የነገረችኝ ልጇ ናት። አሪየት ያለችኝ "ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። አንተ አብረህ ትሄዳለህ" ብቻ ነው።

በጤና ጣቢያው ያገኘናት ነርስ በቅርቡ ከጅማ በኩል የተመደበች ወጣት ናት። ደጁ ላይ ሰው ሞልቷል። እኔ ማን እንደሆንኩ አልነገርኳትም፤ እንደ ማንኛውም አስታማሚ ጥግ ቆምኩ። የአሪየትን ግፊት ለካች፤ ከፍ ብሏል። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ሥራ በዝቶባታል። ወረቀቷ ላይ እየጻፈች፣ ቀና ሳትል ጀመረች፦ ጨው አትብዪ፣ ቅባት አትብዪ፣ ይህን ኪኒን በየቀኑ...

አሪየት እጇን ዘርግታ የነርሷን እስክሪብቶ ያዘች።

"ልጄ፣ ቀስ በይ" አለቻት። "እኛ ቤት የታዘዘ ነገር ይፈጸማል።"

ነርሷ ቀና ብላ አየቻት። እስክሪብቶውን ለቀቀችና ወንበሯን ወደ አሪየት አስጠጋች።